ተጨማሪ መረጃ፦ የተሸረፈ ኳስ እንዴት ይጠገናል?

በዓለ ልደት በደረሰ ጊዜ የዳባትና የደባርቅ ጐረምሶች በቆልማማ ዱላ የሚለጓት ሩር የተባለች ኳስ ከእንጨት የተጠረበች እንደ ሆነች፣ ድንጋይ ላይ ወድቃ ስትሸረፍ ዙሪያዋን በቢላዋ ፍቆ ከማስተካከል በቀር ሌላ መላ የላትም፤ በተፋቀችም ቁጥር ታንሳለች፣ ይህም ማንንም አያስቀይም። የቦውሊንግ ኳስ ግን፣ ምንም እንኳ ጥንት እርሱም ከጽኑዕ እንጨት ይሠራ የነበረ፣ በ20ኛው ምእተ ዓመት ወደ ጎማና ወደ ፕላስቲክ የተሻገረ ቢሆን፣ ክብደቱ ከ7.26 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ፣ ዲያሜትሩም 21.6 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን በሕግ ስለ ተወሰነ፣ ቍስሉ ይሞላል እንጂ አካሉ አይፋቅም።

ጠጋኙ አስቀድሞ ኳሱ ከመጫወቻው ወለል የጠጣውን ዘይት በአልኮል ያጥባል፤ ይህን የዘነጋ እንደ ሆነ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው፣ ቅባት ባለበት ሙጫ አይይዝምና። ከዚያም ማጽኛ የተቀላቀለበትን የኢፖክሲ ሙጫ፣ አየር እንዳይታፈንበት ተጠንቅቆ፣ ከአፉ ጥቂት አትርፎ ይሞላል፤ ሲደርቅም ትርፉን ቈርጦ፣ ከሻካራው ወደ ልሙጡ የብርጭቆ ወረቀት እየተሻገረ በውኃ ያለሰልሰዋል። እንደ ደባርቅ ባለ ብርዳም ደጋ ሙጫው ለመጽናት ስለሚዘገይ፣ ሥራው ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ቢሆን ይመረጣል።