«ድንጋይ» ወይስ «ባትሪ»?
የሽቦ አልባ ጨዋታ መቆጣጠሪያ ባትሪ ስለ መለወጥ በሚጻፉ መመሪያዎች የስያሜ አመራረጥ

1. መግቢያ

የቴክኒክ መመሪያ ትርጉም ከልብ ወለድም ሆነ ከታሪክ ጽሑፍ ትርጉም የሚለይበት አንድ ዐቢይ ጠባይ አለው፤ ይኸውም አንባቢው ያነበበውን ቃል ወዲያውኑ በእጁ ወደ ሥራ የሚለውጠው መሆኑ ነው። በልብ ወለድ ትርጉም ቦታውን የሳተ ቃል ስሜትን ያደበዝዝ ይሆናል፤ በመመሪያ ትርጉም ግን ዕቃ ያበላሻል፤ ከዚያም አልፎ እጅ ያቃጥላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ችግር በአንድ የተወሰነ ምሳሌ ማብራራት ነው። ምሳሌውም በወጣቶች አነጋገር «ጆይስቲክ» የሚባለው ሽቦ አልባ የጨዋታ መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ የምንመረምረው የዚህን መሣሪያ የኃይል ምንጭ ስለ መለወጥ የሚጻፍ መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚያጋጥመውን የስያሜ ጥያቄ ነው።

2. «ባትሪ» የሚለው ቃል የትርጉም ስፋት

ቃሉ የመጣው «መምታት» የሚል ፍቺ ካለው የፈረንሳይኛ ግሥ ነው። በውትድርና ቋንቋ በአንድነት ተሰልፈው የሚተኩሱ መድፎችን ያመለክት ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቤንጃሚን ፍራንክሊን እርስ በርሳቸው የተያያዙ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ብርጭቆዎችን በዚሁ ስም ጠራቸው። አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 የብረት ዝርግፎችን ደራርቦ የሠራውን የኤሌክትሪክ ምንጭ ካስታወቀ በኋላ፣ ስሙ ለኬሚካዊ የኃይል ምንጭ ጸና። ስለዚህ በጥብቅ ሳይንሳዊ አነጋገር ባትሪ ማለት የሕዋሳት ስብስብ ሲሆን፣ አንዱ ነጠላ ክፍል ግን «ሕዋስ» ነው።

አማርኛ ቃሉን ሲቀበል ይህንን ልዩነት አልተቀበለም። በዕለታዊ አነጋገር «ባትሪ» የእጅ መብራት ነው፤ የመኪና ኃይል ማጠራቀሚያም ነው፤ በተንቀሳቃሽ ስልክ ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ ዕቃም ነው። በሌላ በኩል ግን ሕዝቡ በሬዲዮና በእጅ መብራት ውስጥ የሚገባውን ድቡልቡል ደረቅ ሕዋስ ለይቶ «የባትሪ ድንጋይ»፣ ባጭሩም «ድንጋይ» ብሎታል። በመሆኑም የእንግሊዝኛው መመሪያ በአንድ ቃል የሚጠራቸውን ነገሮች አማርኛ አስቀድሞ በሁለት ስም ከፍሏቸዋል ማለት ነው። ይህ ክፍፍል ለተርጓሚ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሳያስተውል የተጠቀመበት እንደ ሆነ ግን ወጥመድ ይሆንበታል።

3. ሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ ሁለት ዓይነት ሥራ

የጨዋታ መቆጣጠሪያዎች በኃይል ምንጫቸው በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ክፍል ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2013 ከኤክስቦክስ ዋን ጋር የወጣው መቆጣጠሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በጀርባው ባለው ክዳን ሥር «ደብል ኤ» የሚባለው መጠን ሁለት ድንጋዮችን ይይዛል። የአንዱ ድንጋይ ርዝመት 50 ሚሊሜትር ያህል፣ ውፍረቱም 14 ሚሊሜትር ያህል ነው። ተጠቃሚው ክዳኑን በጣቱ ከፍቶ የደከሙትን አውጥቶ አዲሶቹን ያስገባል፤ ካቻቢቴ አያስፈልገውም። መጠንቀቅ ያለበት በአቀማመጣቸው ነው፤ ሁለቱ ድንጋዮች ጎን ለጎን ቢተኙም ራስና እግርጌ ናቸው። በዚህ ቦታ «ፖዘቲቭ ዋልታ» ከማለት ይልቅ «ጉጥ ያለው ጫፍ» ማለት የበለጠ ያስረዳል፤ የመደመር ምልክቱም አብሮ ይጻፋል።

የሁለተኛው ክፍል ምሳሌ በዚያው ዓመት ከፕሌይስቴሽን 4 ጋር የወጣው ዱዋልሾክ 4 ነው። በውስጡ ያለው ባለ 1000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሊቲየም አዮን ባትሪ ሲሆን፣ ተጠቃሚው በኬብል ኃይል እየሞላ እንዲገለገልበት እንጂ በየጊዜው አውጥቶ እንዲለውጠው አልታሰበም። ሆኖም ማናቸውም የሊቲየም አዮን ባትሪ ብዙ ጊዜ ከተሞላና ከተራገፈ በኋላ የመያዝ አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ያን ጊዜ መሣሪያውን መክፈት ግድ ይሆናል። በጀርባው ያሉትን አራት ብሎኖች በመስቀለኛ ካቻቢቴ መፍታት፣ ሁለቱን ልባሶች በዝግታ ማላቀቅና በመካከላቸው ያለውን ቀጭን ጥብጣብ ሽቦ እንዳይበጠስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያም የባትሪው መሰኪያ ሽቦው ሳይጎተት ራሱ መሰኪያው ተይዞ ይነቀላል።

4. ስም ልማድን ይዞ ይመጣል

አሁን የጉዳዩ ዋና ነጥብ ላይ እንደርሳለን። አንድ ተርጓሚ ለሁለተኛው መሣሪያ የተጻፈውን መመሪያ ሲመልስ፣ «ሕዝቡ የሚያውቀው ቃል ይሻላል» ብሎ «ድንጋዩን አውጣ» ቢል፣ አንባቢው የሚቀበለው ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙ የለመደውን አያያዝ ጭምር ነው። ድንጋይ ሲደክም ምን እንደሚደረግ በየቤቱ ይታወቃል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ልጆች በጥርሳቸው ይነክሱታል። በዚንክና ካርቦን ለተሠራው የሬዲዮ ድንጋይ ማስጣቱ መሠረት የሌለው ልማድ አይደለም፤ ሙቀት ኬሚካዊውን ሂደት ስለሚያፋጥን ድንጋዩ ለጥቂት ጊዜ ሊያንሰራራ ይችላል።

የሊቲየም አዮን ባትሪ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥራል፤ በውስጡ ያለውም ፈሳሽ ተቀጣጣይ ነው። ከተነከሰ፣ በካቻቢቴ ጫፍ ከተወጋ ወይም ከታጠፈ በውስጡ ያሉት ስስ ንብርብሮች ተነካክተው «ሾርት» ሊፈጠርና እሳት ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ «ድንጋይ» የሚለው ስም በዚህ ቦታ ያለ ማስጠንቀቂያ የተሰጠ ስሕተተኛ ትእዛዝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እዚህ ላይ ቃሉ ለአንባቢ የቀረበ መሆኑ ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይችልም።

ይሁን እንጂ ነገሩ «የማይሞላው ድንጋይ፣ የሚሞላው ባትሪ ይባል» በሚል ደንብ ብቻ አይፈታም። በኤክስቦክሱ መቆጣጠሪያ ውስጥ ኃይል የሚሞሉ የኒኬል ድንጋዮችም ይገባሉ። እነዚህ በመልክና በመጠን ከማይሞሉት አልካላይን ድንጋዮች ጋር አንድ ናቸው፤ የማይሞላውን በቻርጀር ላይ ማድረግ ግን ድንጋዩ እንዲያፈስ ወይም እንዲፈነዳ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ስሙ ቅርጽን፣ ቅጽሉ ጠባይን ያመልክት፤ ቅጽሉም ፈጽሞ አይቀር። ለዚሁ ተግባር «ተሞይ» የሚል አጭር ቅጽል ከግሡ ማውጣት ይቻላል፤ የሰዋስው ጉድለትም የለበትም። ነገር ግን ለጥንቃቄ በሚጻፍ ዓረፍተ ነገር አንባቢን የሚያቆም እንግዳ ቃል ስለሆነ፣ «ኃይል የሚሞላ» እና «ኃይል የማይሞላ» የሚሉትን እንመርጣለን።

5. ስለ ግሦቹ

ስሙ ከተስተካከለ በኋላም ግሡ ሊያስት ይችላል። «ሪፕሌስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ በአንድ መመሪያ ውስጥ ሁለት ፍቺ ይዞ ይገኛል። ስለ ባትሪ ሲነገር «አሮጌውን በአዲስ ተካ» ማለት ነው፤ ስለ ክዳን ሲነገር ግን «ያነሣኸውን መልሰህ ግጠም» ማለት ነው። ሁለቱንም «ቀይር» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ያልተሰበረ ክዳን ሊገዛ ወደ ገበያ ይልከዋል።

«ለወጠ» እና «ተካ» የሚሉትም ቢሆኑ አንድ አይደሉም። ድንጋይ ይለወጣል፤ መጠኑ አንድ እስከ ሆነ ድረስ የማንም ፋብሪካ ሥራ ቢሆን ይሠራል። ባትሪ ግን ይተካል፤ ተተኪው ለዚያ መሣሪያ የተሠራ መሆን አለበትና። በዱዋልሾክ 4 እንኳ የመጀመሪያውና የኋለኛው ዕትም ባትሪዎች መሰኪያ በመጠን ይለያያል፤ ስለዚህ «ተመሳሳይ ባትሪ» የሚለው ሐረግ አይበቃም።

«ቻርጅ» የሚለው ቃልም እንደዚሁ ለድርጊቱና ለተጠራቀመው ኃይል በአንድነት ያገለግላል። ለድርጊቱ «ኃይል መሙላት»፣ ለይዘቱ «የተሞላ ኃይል» ብሎ መለየት ይገባል። «ቻርጀር» ግን ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ እንዳለ ቢወሰድ ጉዳት የለውም።

6. የቀረቡ ስያሜዎች

ከላይ በተሰጡት ምክንያቶች መሠረት የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

ሕዋስ፦ አንድ ነጠላ የኤሌክትሪክ ኬሚካዊ ክፍል። በሳይንሳዊ ጽሑፍ ብቻ የሚያገለግል።

ድንጋይ፦ መጠኑ የታወቀ፣ ያለ መሣሪያ በእጅ የሚወጣና የሚገባ ድቡልቡል ሕዋስ። «ኃይል የሚሞላ» ወይም «ኃይል የማይሞላ» የሚል ቅጽል ሳይቀድመው አይጻፍም።

ባትሪ፦ በመሣሪያው ውስጥ በሽቦና በመሰኪያ የተያያዘ፣ ኃይል የሚሞላ ምንጭ። በመመሪያ ውስጥ ለእጅ መብራት አይውልም።

መለወጥ፦ የደከመ ድንጋይ አውጥቶ ሌላ ማስገባት።

መተካት፦ ያረጀ ባትሪ ነቅሎ ለዚያው መሣሪያ የተሠራውን ማግባት።

መልሶ መግጠም፦ ለሥራ የተነሣን ክዳን ወይም ልባስ ወደ ቦታው ማድረስ።

ተርጓሚዎች እነዚህን ሲመረምሩ «ቃሉ ያምራል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድመው «አንባቢው ይህን ቃል ሰምቶ በእጁ ምን ያደርጋል?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። ያበጠ ባትሪ በእጁ ይዞ መመሪያችንን የሚያነብ ወጣት የሚጠብቀን በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ነውና።