ቱርቦ ሲገባ ፖምፓው ምን ይሁን?

ቢታ ገነት የካፋ ዞን የቢታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚያ አካባቢ መኪና ያለው ሰው ስለ ሞተር ጉልበት ሲያወራ የሚያሳስበው ፍጥነት ሳይሆን ዳገት ነው። ቡና የጫነ መኪና የካፋን ኮረብታ እየወጣ እየወረደ ቦንጋ እስኪደርስ፣ ከቦንጋም የጎጀብን ሸለቆ ተሻግሮ ጅማ እስኪገባ የሾፌሩ እጅ ከማርሹ አይላቀቅም። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃው ይጨመርበታል። «ቱርቦ ባስገባበትስ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው እንግዲህ ከዚህ ድካም ለመገላገል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቱርቦ ብቻውን ጉልበት አይሆንም። ጉልበቱ ያለው ነዳጁ ውስጥ ነው፤ ቱርቦው የሚያደርገው ያን ነዳጅ አሟጦ ለማቃጠል የሚበቃ አየር ማቅረብ ነው። የነዳጅ መስመሩ አብሮ ካልተስተካከለ ወይ የወጣው ገንዘብ ከንቱ ይቀራል፣ ወይ ሞተሩ ይቃጠላል። እዚህ የማስተዋውቀው ይህን መስመር ነው፤ ናፍጣ የሚያከፋፍለውን ፖምፓ፣ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን ኖዝል፣ የሚያጣራውን ፊልትሮ፣ ሁሉንም የሚገዛውንም ልክ።

ከአየሩ እንጀምር። ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ለዚህ አሠራር የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በጭስ ማውጫው የሚባክነው ትኩስ ጋዝ ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኑ በሌላው ጫፍ ያለውን መንፊያ ያዞራል፤ መንፊያው አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሩ ይከታል። ይህ ለደጋ ሰው የተለየ ጥቅም አለው። የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ አንድ ባር ገደማ ሲሆን 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 0.8 ባር ይወርዳል፤ አዲስ አበባ ላይ ከዚያም ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር 2,000 ሜትር ላይ ሲሠራ ከሚያስፈልገው አየር አንድ አምስተኛውን አጥቷል ማለት ነው። ፋብሪካ ላይ የተለካለት ጉልበት ዳገቱ ላይ አብሮት አይወጣም። ቱርቦው ግማሽ ባር ቢጨምርለት ግን 0.8 የነበረው 1.3 ባር ይሆናል። አየር ሲታመቅ ስለሚሞቅና የሞቀ አየር ስለሚሳሳ ትርፉ ሙሉ በሙሉ አይገኝም፤ ኢንተርኩለር የሚገባውም ይህን ሙቀት ለማብረድ ነው። ያም ሆኖ ልዩነቱ ገና በመጀመሪያው ዳገት ይታወቃል።

አየሩ ሲጨምር ነዳጁ በምን ያህል ይጨምር? የቤንዚንና የናፍጣ መኪና መንገዳቸው የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ከአንዱ የተማሩትን እንዳለ ወደ ሌላው መውሰድ ብዙ ሞተር ያበላሻል።

አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ቱርቦው አየሩን ጨምሮ ነዳጁ ካልተከተለው ድብልቁ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይንራል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ በመጨረሻም ፒስቶን ይቀልጣል። ስለዚህ በቤንዚን ቱርቦ ላይ የነዳጅ መስመር ማሳደግ ማለት በቅድሚያ በቂ ነዳጅ መኖሩን ማረጋገጥ ነው፤ ይህም በግምት ሳይሆን በስሌት ይሠራል። ባለ አራት ሲሊንደር መኪና 300 የፈረስ ጉልበት እንዲያወጣ ከተፈለገ፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ በሰዓት ወደ 110 ሊትር በሚሆን ልክ ይጠጣል። ነዳጁን የሚረጨው ኢንጀክተር ከጊዜው ከ85 በመቶ በላይ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ስለማይመከር እያንዳንዱ በደቂቃ ወደ 540 ሲሲ ማሳለፍ መቻል አለበት። የነዳጅ ፓምፑም ይህን ያህል ማቅረብ ያለበት ከመደበኛው 3 ባር በተጨማሪ ቱርቦው የሚፈጥረውን ግፊት ተቋቁሞ ነው። ካርቶኑ ላይ «በሰዓት 255 ሊትር» የተባለ ፓምፕ ግፊቱ ሲጨምር ያን ያህል አያወጣም፤ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው በስንት ባር ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ነው። የነዳጁ ዓይነትም ይቆጠራል። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በኋላም 10 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። አንድ ኪሎ ኢታኖል የሚፈልገው 9 ኪሎ አየር ብቻ ነው፤ ስለዚህ 10 በመቶ የተቀላቀለበት ቤንዚን ለዚያው አየር 4 በመቶ ያህል ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል። የኢንጀክተሩ አቅም ጫፍ ላይ የደረሰበትን ሞተር ይህችን የምታህል ልዩነት እንኳ ትጎዳዋለች።

ናፍጣ የተገላቢጦሽ ነው። የናፍጣ ሞተር በጤናው ጊዜ የሚሠራው ከሚያስፈልገው በላይ አየር ይዞ ነው። ነዳጅ ሲያንሰው ይደክማል እንጂ አይቃጠልም። የሚገድለው ሲበዛበት ነው፤ አየር ያላገኘው ትርፍ ናፍጣ በከፊል ጥላሸት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል፣ የጭሱም ሙቀት ይንራል። የቤንዚን ቱርቦ በነዳጅ ማነስ፣ የናፍጣ ቱርቦ በነዳጅ መብዛት ይሞታል። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ መያዝ ቢኖርብኝ ይህን እይዝ ነበር።

በገጠር መንገድ ላይ የሚሠራው ላንድክሩዘር አብዛኛውን ጊዜ «ዋን ኤች ዜድ» የሚባለውን ሞተር የያዘ ነው፤ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት፣ ከፋብሪካው ቱርቦ የሌለው። እጅግ ጠንካራ ሞተር ነው፤ ለቱርቦ ግን አልተሠራም። የማመቅ ልኩ ከ22 ለ1 በላይ ሲሆን ቶዮታ ራሱ ቱርቦ ያስገባበት እህቱ «ዋን ኤች ዲ ቲ» ግን 18.6 ለ1 ነው። ልዩነቱ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። ቀድሞውኑ በኃይል የሚያምቅ ሞተር ላይ ብዙ አየርና ብዙ ነዳጅ ሲጨመር ፒስቶኑና የሲሊንደሩ ክዳን (ቴስታታው) ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ስለዚህ በዋን ኤች ዜድ ላይ ቱርቦ የሚያስገቡ ጠንቃቃ ባለሙያዎች ግፊቱን ከግማሽ ባር ብዙም አያሳልፉትም።

የዚህ ሞተር ፖምፓ አንዲት ፒስቶን መሰል ዘንግ እየዞረችም እየገፋችም ለስድስቱ ሲሊንደሮች ናፍጣ በየተራ የምታከፋፍልበት ነው። በዘንጓና በቤቷ መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ሦስት ማይክሮን ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይደርሳል። ፖምፓውን የሚያለሰልሰው የሚያልፍበት ናፍጣ ራሱ እንጂ የሞተር ዘይት አይደለም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ፖምፓ የሚበላውም ለዚህ ነው፤ የማለስለስ አቅሙ ዝቅተኛ ነው።

ከፖምፓው ጀርባ የናፍጣውን የመጨረሻ ልክ የምትወስን አንዲት ብሎን አለች። ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ የሚያውቃት ይህችን ነው። ሩብ ዙር ስትጠብቅ መኪናው ዳገቱን በደንብ ይወጣል፣ ባለቤቱ ይደሰታል፣ መካኒኩም ይመሰገናል። ከኋላ የሚወጣውን ጥቁር ጭስ ብዙ ሰው የጉልበት ምልክት አድርጎ ያየዋል። ያ ጭስ ተከፍሎበት ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ከቱርቦው በፊት ያለው የጭስ ሙቀት ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ በረጅም ዳገት ላይ ሲቆይ ደግሞ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ ከወራት በኋላ ውሃ በመጨረስ፣ ዘይት በመብላት ወይም በተሰነጠቀ ቴስታታ ይገለጣል። ያን ጊዜ ብሎኗን የሚያስታውሳት የለም። እዚህ ላይ የካፋ ሰው ሌላም ነገር ቢያስብ እወዳለሁ፤ መኪናው ጥላሸቱን እየረጨ የሚያልፍበት ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ የተመዘገበ የቡና ጫካ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ፖምፓውን አውርዶ መፈተሻ ማሽን ላይ ማሰር ነው። ማሽኑ ፖምፓውን በኤሌክትሪክ ሞተር ያዞረዋል፤ ከስድስቱ መስመሮች የሚወጣው ናፍጣ ፊት ለፊት በተደረደሩ ስድስት የመለኪያ ብርጭቆዎች ውስጥ ይጠራቀማል። የተወሰነ ጊዜ ተረጭቶ ሲቆም ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ስድስቱን ከፍታዎች ያነጻጽራል። አንዱ ብርጭቆ ከሌሎቹ ከፍ ካለ ያ ሲሊንደር ከድርሻው በላይ እየጠጣ፣ ከሌሎቹም ቀድሞ እየተቃጠለ ነው። ቱርቦ ለገባለት ሞተር ደግሞ ፖምፓው ላይ የቱርቦውን ግፊት የሚያዳምጥ መቆጣጠሪያ መግጠም ይቻላል፤ አየሩ ገና ሳይመጣ ናፍጣውን ይይዛል፣ ግፊቱ ሲጨምር ይለቃል። በእኔ እምነት ይህ መቆጣጠሪያ የሌለው የቱርቦ ሥራ ግማሽ ሥራ ነው፤ ከማርሽ ለውጥ በኋላ የሚወጣው ጥቁር ደመና አብዛኛው ከዚህ ጉድለት የሚመጣ ነውና።

ኖዝሉም ለብቻው ይፈተሻል። በእጅ በሚገፋ መፈተሻ ላይ ታስሮ በ150 ባር ገደማ ሲከፈት በአጭር የጩኸት ድምፅ እንደ ጉም የደቀቀ ናፍጣ መርጨት አለበት፤ ከረጨ በኋላም ጫፉ ደረቅ ሆኖ መቅረት አለበት። ጠብታ ከተንጠለጠለበት ወይም በአንድ ወገን በቀጭኑ ከወረወረ፣ ያ ናፍጣ ሞተሩ ውስጥ ፒስቶኑን ሊበሳ ይችላል። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የተገዛ አዲስ ኖዝልም ቢሆን ከመታሰሩ በፊት ይህን ፈተና ይለፍ። ኦሪጅናል ነው አይደለም ብሎ ከመከራከር መሞከር ይቀላል።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ግን ፊልትሮው ነው። ካፋ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው፤ እርጥበቱ ሌሊት በጎዶሎ ታንከር ውስጥ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፣ በጀሪካን የሚቀዳ ናፍጣም የራሱን ውሃ ይዞ ይመጣል። ላንድክሩዘር ፊልትሮው አናት ላይ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ፣ ሥሩ ላይ ደግሞ የውሃ ማውጫ አለው። ማለዳ ሞተሩ ሳይነሳ የማውጫውን መዝጊያ ላላ አድርጎ ወደ ብርጭቆ መቅዳት ነው፤ ናፍጣው ከላይ ቢጫ ሆኖ ሲንሳፈፍ ውሃው ከሥር ይጠልላል። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር በዓይን ይለያል። ያ ውሃ ፖምፓው ውስጥ ቢገባ ኖሮ ዝገት ይሆን ነበር። ሰፋ ያለ ውሃ ለይ ፊልትሮ መጨመርና ማታ ማታ ታንከሩን ሞልቶ ማሳደር ከማንኛውም የቱርቦ ዕቃ ርካሽ ናቸው፤ ቱርቦ ባይገባም ይጠቅማሉ።

አዳዲሶቹ ሃይሉክሶችና አይሱዙዎች ቱርቦውን ከፋብሪካ ይዘውት ይመጣሉ፤ የነዳጅ አሠራራቸውም ኮመን ሬል ነው። ይህን አሠራር የጃፓኑ ዴንሶ እ.ኤ.አ. በ1995 በሂኖ የጭነት መኪና ላይ ለገበያ አውጥቶታል። ናፍጣው ከ1,000 ባር በላይ ታምቆ በአንድ ቧንቧ ይጠብቃል፣ ኢንጀክተሩን የሚከፍተው ኮምፒውተር ነው። እዚህ የምትጠብቅ ብሎን የለችም። ጉልበት ይጨምራል ተብሎ የሚሸጠው ሳጥን የግፊት መለኪያውን ንባብ እያሳሳተ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ግፊት እንዲያዝ ያደርጋል፤ ውሃና ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ በሚቀዳበት አካባቢ ይህን ማድረግ ኢንጀክተርን ቶሎ ይጨርሳል። አንድ ኢንጀክተር ሲቀየርም በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ የኢንጀክተሩ ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ መግባት አለበት።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ አሁን በእጃችን ያለው ሞተር ረጅም ዕድሜ ሊኖረው ይገባል። ለቢታ ገነትና ለአካባቢዋ ባለ መኪናዎች የምለው ይህን ነው፦ ቱርቦ ከማስገባታችሁ በፊት የሞተሩን ኮምፕሬሽን አስለኩ፤ የጭስ ሙቀት መለኪያና የቱርቦ ግፊት መለኪያ ሳይገጠም መኪናውን አትረከቡ፤ ፖምፓውንም ያስተካከለው ባለሙያ ከመፈተሻ ማሽኑ ላይ ያነበበውን ልክ፣ የስድስቱንም ሲሊንደር፣ በወረቀት ጽፎ ይስጣችሁ።