ቅማልን በጥፍር አትግደሉ
(ስለ ግርሻ በሽታ የተሰጠ ምክር)

እናቶች ሆይ! በደሴ ደጋ ብርዱ ሲበረታ፥ በክረምትም ልብስ ቶሎ አልደርቅ ሲል፥ ቤተ ሰቡ ተጠጋግቶ በአንድ ጋቢ ይተኛል። በኮምቦልቻም ለሥራ የመጡ ሰዎች ብዙ ሆነው በአንድ ክፍል ያድራሉ። የልብስ ቅማል የሚራባው ይህን ጊዜ ነው። ቅማል ከምታመጣቸው ክፉ በሽታዎች አንዱ ግርሻ ይባላል።

በሽታውን የሚያመጣው እንደ ጠምዛዛ ክር ያለ፥ በዐይን የማይታይ ተሕዋሲ ነው። ቅማሏ የታመመውን ሰው ደም ስትመጥ ተሕዋሲው ይገባባትና በሰውነቷ ውስጥ ይራባል። ትኩሳት ስለማትወድም የጋለውን ሰው ትታ ጎኑ ወደ ተኛው ትሻገራለች።

ታዲያ ግርሻ የሚተላለፈው በንክሻዋ አይደለም፤ በዋናነት ስትጨፈለቅ ነው። በጥፍር ስትፈርጥ ተሕዋሲው እጅ ላይ ይፈሳል፤ በታከከ ቆዳ፥ ወይም ጣት ዐይንና አፍ ሲነካ ወደ ደም ይገባል። ይህንንም ሻርል ኒኮልና ጓደኞቹ በ1912 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በቱኒስ ከተማ አሳይተዋል። የልጇን ልብስ ስፌት እየፈተሸች በጥፍሯ የምትገድል እናት እንግዲህ በሽታውን በገዛ እጇ ታስገባለች። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች በግድግዳና በወለል ስንጥቅ የሚኖር መዥገርም ተመሳሳይ በሽታ ያመጣል፤ በአገራችን የበዛው ግን የቅማሉ ነው።

ምልክቱ ድንገት ብርድ ብርድ ማለት፥ ብርቱ ትኩሳት፥ ራስ ምታትና ቁርጥማት ነው። አንዳንዱን ይነስረዋል፤ ዐይኑም ቢጫ ይሆናል። ከ5 ቀን ያህል በኋላ ትኩሳቱ በላብ ይለቃል። «ተመስገን፥ ዳነ» ይባላል። ግን አልዳነም። የተረፈው ተሕዋሲ መልኩን ለውጦ ይደበቅና ከሳምንት ገደማ በኋላ ተራብቶ ይመለሳል፤ ግርሻ መባሉም ስለዚህ ነው። ካልታከሙ ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 40 ሊሞቱ ይችላሉ፤ ነፍሰ ጡርንም ያስወርዳል።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ ልብስና ጋቢ ቀቅሉ። በቦርከና ቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ብቻውን ቅማል አይገድልም። ማገዶ ቢያንስና መለወጫ ቢኖር፥ ልብሱን በላስቲክ ከረጢት ጥብቅ አድርጋችሁ አስራችሁ 2 ሳምንት አቆዩት፤ ደም ያጣች ቅማል ትሞታለች።

2ኛ/ ቅማል ብታዩ በጥፍርም በጥርስም አትግደሉ፤ ልብሱን ፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሩ። እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።

3ኛ/ ትኩሳት የያዘውን ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱ። ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ በፔኒሲሊን ወይም በቴትራሳይክሊን ይድናል። መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ብርድና ትኩሳት ሊነሣ ስለሚችል፥ በቤት አትስጡ፤ በጤና ባለሙያ ፊት ይሁን።

4ኛ/ ለዳነውም ሰው ልብሱን ሳትቀቅሉ አትመልሱለት፤ ግርሻ የያዘች ቅማል እስክትሞት ድረስ በሽታውን ትሸከማለችና።