መስመር ማውጫ፦ ሚስማር፣ ስለት ወይስ ዲስክ?

ማኅበራችን የንባብ ክፍሉን የመጻሕፍት መደርደሪያ በገዛ እጃችን እንሥራ ብሎ ሲወስን ሐሳባችን ሁሉ በመጋዝና በመሮ ላይ ነበር። የመጀመሪያው መደርደሪያ ግን ገና መጽሐፍ ሳይሸከም ተወዛወዘ። ጥፋቱም የመስመር ማውጫው ሆኖ ተገኘ።

የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው፤ በዘንግ ላይ የሚንሸራተት መደገፊያና በዘንጉ ጫፍ የሚያሰምር ብረት አለው። መደገፊያው የእንጨቱን ጠርዝ ይዞ ሲገፋ ብረቱ ከጠርዙ እኩል የራቀ መስመር ይተዋል። ልዩነቱ ያለው ከብረቱ ላይ ነው። ርካሹ ባለ ሚስማር ነው፤ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ደኅና ይሠራል፣ ጅማቱን ሲያቋርጥ ግን አይቆርጥም፣ ይቦጭራል። የወንዴው ትከሻ ደግሞ የሚሰመረው በማቋረጥ ነው! እኛም በዚያ ሻካራ መስመር ቆርጠን ትከሻው ሳይገጥም ቀረ።

ባለ ስለቱ ጅማቱን አቋርጦ በንጽሕና ይቆርጣል፤ መሮም ጫፉን የሚያሳርፍበት ስንጥቅ ያገኛል። በጅማቱ አቅጣጫ ሲሄድ ግን፣ በኃይል ከተጫኑት፣ ጅማቱን ተከትሎ ይስታል። ባለ ዲስኩ ስለታም ክብ ብረት አለው። የተሞረደው ጎኑ ወደ መደገፊያው ስለሚዞር መደገፊያውን ወደ እንጨቱ ይስባል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ያስተማምናል። ዋጋው ግን የተማሪ ኪስ አይችለውም።

ስለዚህ የእኛ ምክር ሚስማሩን በሞረድ አሹሎ ጫፉን እንደ ትንሽ ቢላዋ ክብ አድርጎ መሳል ነው። በጠንካራ እንጨት ሞክረነዋል። ሁለተኛው መደርደሪያ በዚሁ ተሠርቶ መጻሕፍቱን ተሸክሟል፤ የመጀመሪያው ግን ዛሬም ግድግዳ ተደግፎ ነው የቆመው።