የአንጎል ሞገድና የሒሳብ ቀመሩ

በጀርመን አገር በየና ከተማ የአእምሮ ሕሙማንን ያክም የነበረው ሐንስ በርገር፣ በ1924 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከሰው አንጎል የሚመነጨውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመዘገበ በኋላ፣ ነገሩን ለማንም ሳይገልጥ ሲመረምርና ሲጠራጠር ቆይቶ በ1929 ዓ.ም. ጽሑፉን ቢያወጣም፣ ኤድሪያንና ማቲውስ በካምብሪጅ ደግመው ሞክረው በ1934 ዓ.ም. እስኪያረጋግጡለት ድረስ ከሊቃውንቱ ብዙዎቹ አላመኑትም ነበር። አለማመናቸውም የሚያስወቅሳቸው አይደለም፤ ኃይሉ በቮልት ሚሊዮንኛ እጅ የሚቆጠር ረቂቅ ነገር ከመሆኑም በላይ፣ ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ባረፈ ጊዜ በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ እያለ ጎልቶ የሚታየው ሞገድ፣ ዓይኑን ገልጦ ማየት በጀመረ ጊዜ መድከሙና መበታተኑ፣ ሥራ የበዛበት አንጎል ብዙ ኃይል ያሳያል ብሎ ለሚገምት ሁሉ የተገላቢጦሽ ነበር።

ምሥጢሩ ሞገዱን የሚመዘግበው መሣሪያ የሚለካው የብዙ ነርቮችን ድምር በመሆኑ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ የቆመ ምእመን የአንዱን ካህን ቃል ከሌላው ለይቶ ባይሰማም፣ ሁሉም በአንድነት ሲያዜሙ ማኅሌቱ እንደሚደርሰው፣ በራስ ቅል ላይ የተለጠፈው ኤሌክትሮድም ነርቮች ኅብር ሲፈጥሩ እንጂ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲናገሩ አይሰማም፤ ዓይን ሲገለጥ ሞገዱ የሚደክመውም ይህ ኅብር ስለሚላላ ነው።

የአንዲቱን ነርቭ ጠባይ ሆጅኪንና ሃክስሌ ስኩዊድ በተባለው የባሕር እንስሳ ላይ ለክተው በ1952 ዓ.ም. በቀመር አስቀምጠውት ነበር፤ ነገር ግን በሰው አንጎል ውስጥ ላሉት 86 ቢሊዮን ያህል ነርቮች ለእያንዳንዱ ይህን ቀመር መጻፍ ቢቻል እንኳ፣ የሚገኘው መልስ ከአንጎሉ ከራሱ የማያንስ እንቆቅልሽ በሆነ። ስለዚህ ሂው ዊልሰንና ጃክ ካዋን በ1972 ዓ.ም. የአንዷን ነርቭ ነገር ትተው፣ ከማኅበሩ ስንት እጁ በዚህ ቅጽበት ነቅቷል ብለው ጠየቁ። ማኅበሩንም ቀስቃሾችና ገቺዎች ብለው በሁለት ከፈሉት። ቀስቃሾቹ እርስ በርሳቸው እየተበረታቱ ሲያይሉ ገቺዎቹን ያስነሣሉ፤ ገቺዎቹም ተነሥተው ቀስቃሾቹን ያዳክማሉ፤ ቀስቃሾቹ ሲደክሙ ገቺዎቹ የሚያነሣሣቸው አጥተው ይላላሉ፤ ያን ጊዜ ቀስቃሾቹ እንደ ገና ያንሠራራሉ። እንግዲህ ከውጭ ምት የሚሰጥ አንድም ሳይኖር፣ ከሁለት ቀመሮች ብቻ ሥርዓት ያለው ሞገድ ተወለደ። ማኅበሩ ለትንሽ ቅስቀሳ እምብዛም አይናወጥም፤ ቅስቀሳው ሲጨምር ፈጥኖ ይነሣል፤ ከመጠን ካለፈ ደግሞ ምላሹ ከዚያ በላይ አያድግም፤ ይህም ልክ በቀመሩ ውስጥ ገብቷል። በእኔ አስተያየት በዚህ ጥናት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ውበት ያለው ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ የተነሡት ግን አንድ ልብ አልሆኑም። በሆላንድ ሎፔስ ዳ ሲልቫና ባልደረቦቹ የዓይን ጭፈናውን ሞገድ በእንዲህ ያለ የአካባቢ መልስ ምት ሲያስረዱ፣ በአሜሪካ ፖል ኑኔዝ መልእክቱ በረጃጅሞቹ የነርቭ ጭራዎች ከአንጎሉ ዳር እስከ ዳር ለመጓዝ የሚፈጀውን ጊዜ ዋና ምክንያት አደረገ። ሁለቱም መንገድ በሴኮንድ ወደ 10 ምት ስለሚያደርስ፣ ቀመር ከመዝገቡ ጋር ተስማማ ማለት እውነቱ ተገኘ ማለት እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይበል፤ ስለ አሳብ ምንነት ተናገረ የሚለውንማ ጨርሶ አይቀበል።

ይሁን እንጂ ስሌቱ ከወረቀት ወጥቶ ወደ ሐኪም ቤት ገብቷል። በማርሴይ ቪክቶር ዪርሳና ባልደረቦቹ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው አንጎል ምስል አንሥተው፣ በየክፍሉ የሕመሙን አነሣስ የሚያሳይ ቀመር አኑረው፣ ሕመሙ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚዛመት በኮምፒዩተር ያሰላሉ። መድኃኒት ላልረዳቸውና የአንጎል ቀዶ ሕክምና ለሚታሰብላቸው ሕሙማን ይህ ስሌት ለሐኪሙ ይጠቅም እንደ ሆነ ለማወቅ፣ በ2019 ዓ.ም. በፈረንሳይ ሐኪም ቤቶች ሙከራ ተጀምሯል።