ሁድሃ ዳታቤዙን ለምን ያደናግራል?

አምቦ ላይ ለመመዝገብ የመጣ ባለጉዳይ የትውልድ ወረዳው ምሥራቅ ሸዋ ያለው አደአ ነው እንበል። ጸሐፊዋ በቁቤ (በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል) ስትጽፈው ከቃሉ መሐል አንዲት ጭረት ታስገባለች፤ ሁድሃ ትባላለች። አፋን ኦሮሞ በቁቤ እንዲጻፍ በ1984 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ሁድሃ የጽሕፈቱ አካል ናት፤ ጉሮሮ ላይ ተቋርጦ የሚወጣውን ድምፅ ትወክላለች። ካልተጻፈች «ሰፊ» የሚለው ቃል «መዓት» ይሆናል።

በዳታቤዝ ቋንቋው በኤስኪውኤል ግን ይህችው ጭረት ሌላ ሥራ አላት፦ ጽሑፍ የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ ታሳያለች። ፕሮግራመሩ ጸሐፊዋ ያስገባችውን እንዳለ ከትእዛዙ ጋር ከቀጠለው፣ ትእዛዙ እንዲህ ይሆናል፦

ትውልድ = 'አደ'አ'

ዳታቤዙ «አደ» ላይ ጽሑፉ ያለቀ ይመስለዋል። የተረፈችውን «አ» እንደ ትእዛዝ ሊፈታት ይሞክራል፤ አይሆንለትም፣ ስህተት ይመልሳል። ባለጉዳዩም ሳይመዘገብ ይቀራል።

ከዚህ የከፋም አለ። ተንኮለኛ ሰው በስም መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ' ወይም '1'='1 የሚል ነገር በኤስኪውኤል ቃላት ቢጽፍ፣ ፍለጋው «ስሙ ባዶ የሆነ ወይም 1 ከ1 ጋር እኩል የሆነ» ይሆናል። ይህ ምንጊዜም እውነት ስለሆነ የሁሉም ሰው መዝገብ ይወጣል። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ይሉታል፤ በ1998 እ.ኤ.አ. በይፋ የተጻፈበት ይህ ጥቃት ዛሬም አልጠፋም።

አንዳንዶች ሁድሃዋን ከስሙ ይሰርዟታል፤ ይህ የሰው ስም ማበላሸት ነው። ጭረቷን ሁለት ጊዜ አከታትሎ መጻፍ ይሠራል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ከተረሳ በሩ ክፍት ነው። አስተማማኙ መንገድ ፕሌስሆልደር ነው፦

ትውልድ = ?

ትእዛዙ በጥያቄ ምልክቱ ብቻ ተተንትኖ ይዘጋጃል፤ እሴቱ ለብቻው ይላካል። ስለዚህ በእሴቱ ውስጥ ያለ ምንም ምልክት ትእዛዝ ሊሆን አይችልም።

ፕሌስሆልደር የማይሸፍነውም አለ። የሰንጠረዥና የዓምድ ስም በእሱ አይተካም፤ አስቀድሞ ከተፈቀደ ዝርዝር መመረጥ አለበት። በከፊል ፍለጋ ጊዜ % ማንኛውንም ጽሑፍ ስለሚወክል ለብቻው ይያዛል። ቀጥ ያለችው ' እና ወርድ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም የሚያጎብጣት ’ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ በአንዷ የተመዘገበ ስም በሌላዋ ሲፈለግ አይገኝም። ስለዚህ ሲመዘገብም ሲፈለግም ወደ አንድ ዓይነት መመለስ አለባቸው።

ከአምቦ እስከ ጊንጪና ባኮ ለሚያገለግል ማንኛውም ሲስተም የመጀመሪያው ፈተና ሁድሃ ያለችበት ስም ይሁን። ሰው ስሙን ለማሽን ብሎ መቀየር የለበትም፤ ኮዱ ይስተካከል።