ሕመሙን የማይናገር ታካሚ

የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1761 ነው። ከዚያ ወዲህ ላቦራቶሪውም አልትራሳውንዱም ተጨምሯል። የሐኪሙ ዋና ችግር ግን አልተለወጠም፤ ታካሚው «እዚህ ጋ ያመኛል» አይልም።

ስለዚህ ምርመራው በጥያቄ ይጀምራል። ከመቼ ጀምሮ ነው? ላሟ ታመሰኳለች? ወተቷስ ቀንሷል? በሰፈሩ ሌላ የታመመ ከብት አለ? ባለቤቱ ሁሉንም አይናገርም፤ ከገበያ በገዛው መድኃኒት አስቀድሞ እንዳስወጋት የሚደብቅ ሞልቷል። አብሯት የሚውለው እረኛ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠያቂ የለውም። በእኔ ግምት ከሁለቱ የልጁ ቃል ይበልጣል።

ሐኪሙ ከመንካቱ በፊት ቆሞ አቋቋሟንና አተነፋፈሷን ያያል። የጤነኛ ላም ሙቀት 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ለሰው ትኩሳት የሚባለው ለእሷ ጤና ነው። በግራ ሽንጧ ላይ ማዳመጫ ሲደረግ ጨጓራዋ በደቂቃ አንዴ ወይም ሁለቴ ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ሚስማር ወይም ሽቦ የዋጠች ላም ጀርባዋን አጉብጣ ትቆማለች። ከሻኛዋ ኋላ ቆንጠጥ ሲያደርጓት ጤነኛዋ ጀርባዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ እሷ ግን ስለሚያማት ትገትረዋለች። ብረቱ ወዲያ ወዲህ እንዳይሄድ ማግኔት ማስዋጥ የተለመደ ሕክምና ነው።

ከሁሉ የምታስቸግረው አህያ ናት። ፈረስ ሆዱን ሲቆርጠው ይንከባለላል፣ መሬቱን ይጭራል፣ ዞሮ ጎኑን ያያል። አህያ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች፣ በቃ። መኖ መተዋ ብቻውን ሐኪም ያስጠራል፤ ሳትበላ በቆየች መጠን ከሰውነቷ የቀለጠው ስብ በደሟ ተጠራቅሞ ሊገድላት ይችላል።

ሕመምን ከፊት የሚያነቡ መለኪያዎችም መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ለአይጥ፣ በ2014 ለፈረስ የወጡት የጆሮን አጣጣልና የዓይንን መጥበብ በነጥብ ይመዝናሉ። ማስታገሻ መስጠት ግን ዛሬም በብዙ ቦታ እንደ ቅንጦት ይቆጠራል። እንደ እኔ ይህ ስሕተት ነው፤ ያመመው ከብት አይበላም፣ ካልበላም ቶሎ አያገግምም።

አንድ አደጋ ግን ባለቤቱንም ይመለከታል። ለሃጯ የሚዝረበረብና መዋጥ ያቃታት ላም ስትታይ «አንድ ነገር ተሰንቅሮባት ነው» ተብሎ እጅ አፏ ውስጥ ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ የያዛት ላምም ልክ እንዲህ ትሆናለች። እንዲህ ያለች ከብት ከገጠመችዎ እጅዎን አይክተቱ፣ ሐኪም ይጥሩ። ለሃጯ ቁስልዎን ወይም አፍና ዓይንዎን ነክቶ ከሆነ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና ሳሙና፣ ዓይንና አፍን በውኃ ብቻ አጥበው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ።